ሁጎ ብላክ፤ ከጠበቃነት እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት

በዓለም ላይ ስማቸው ከተጠራ ዳኞች መካከል አንዱ አሜሪካዊው ሁጎ ላፋዬት ብላክ ነው። ይህ ሰው በመጀመሪያ ጠበቃ፥ ቀጥሎ ዐቃቤ ሕግ፥ ከዚያም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ከሆነ በኋላ፥ በመጨረሻ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኖ 34 ዓመት አገልግሏል። እኔም የ12ኛ ክፍል ትምህርቴን ስፈጽም ሕግ ለማጥናት የማስብ ተማሪ እንደ መሆኔ መጠን፥ ለዘንድሮው መጽሔታችን የማቀርበው ጽሑፍ ስለዚህ ሰው እንዲሆን መረጥሁ። የመረጥሁትም ብላክ ነውር የሌለበት ሰው ስለ ሆነ አይደለም፤ ነውሩም ሥራውም ትልቅ ስለ ሆነ ነው። አንባቢ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ራሱ እንዲፈርድ እለምናለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ሁጎ ብላክ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1886 ዓ.ም. በአላባማ ግዛት፥ በክሌይ አውራጃ፥ ሃርላን በምትባል የገጠር መንደር፥ ከእንጨት በተሠራ አነስተኛ ቤት ውስጥ ተወለደ። ለወላጆቹ ስምንተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር። አባቱ ባለ ሱቅ ነበርና ሁጎ ገና ሕፃን ሳለ ቤተ ሰቡን ይዞ አሽላንድ ወደምትባለው የአውራጃው ከተማ ተዛወረ። በዚያች ከተማ የአውራጃው ፍርድ ቤት ይገኝ ነበር። ሁጎም በልጅነቱ ወደ ችሎት እየገባ የጠበቆችን ክርክር ማዳመጥ ይወድ ነበር፤ የወደፊት ሥራው በዚያ በልቡ ተተከለ ማለት ይቻላል።

በዚያን ጊዜ የአላባማ ኑሮ ምን ይመስል እንደ ነበረ ካልተገለጸ የብላክ ታሪክ በደንብ አይገባም። በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ተፈጽሞ ባርነት በሕግ የቀረው በ1865 ዓ.ም. ነው፤ ብላክ የተወለደው ከዚያ 21 ዓመት ያህል ቈይቶ ነው። ጥቁሮች ነጻ ወጡ ቢባልም በአገሪቱ ደቡባዊ ክፍል በትምህርት ቤትም ሆነ በባቡር ከነጮች ተለይተው እንዲኖሩ ይገደዱ ነበር። በ1901 ዓ.ም. የወጣው የአላባማ ሕገ መንግሥት ደግሞ ጥቁሮችን በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር አኳኋን፥ ከድኾች ነጮችም ብዙዎቹን ጨምሮ፥ ከምርጫ አስወጣቸው። ብላክ ያደገው ይህን እንደ ተፈጥሮ ሥርዓት በሚቈጥር ሕዝብ መካከል ነው።

ታላቅ ወንድሙ ሐኪም ነበርና እርሱም የወንድሙን ፈለግ ተከትሎ በ1903 ዓ.ም. በበርሚንግሃም ከተማ የሕክምና ትምህርት ጀመረ። ነገር ግን ልቡ ወደ ሕግ ስላዘነበለ ከአንድ ዓመት በኋላ ሕክምናውን ትቶ ወደ አላባማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1906 ዓ.ም. በ20 ዓመቱ ተመረቀ። ወዲያውም ወደ አሽላንድ ተመልሶ የጥብቅና ቢሮ ከፈተ። ደንበኛ ግን እምብዛም አላገኘም፤ በዚያም ላይ በ1907 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶ ቢሮውን ከነመጻሕፍቱ አቃጠለበት። ወጣቱ ጠበቃ በዚህ ተስፋ ሳይቈርጥ የብረትና የድንጋይ ከሰል ኢንዱስትሪ ወደ ተስፋፋባት ወደ በርሚንግሃም ሄደ።

በበርሚንግሃም ስሙ መታወቅ የጀመረው በአንድ ጥቁር እስረኛ ጕዳይ ነው። በዚያ ዘመን በአላባማ እስረኞችን ለኩባንያዎች በኪራይ መስጠት የተለመደ ነበር። ኩባንያው ለመንግሥት ገንዘብ ይከፍላል፤ እስረኛው ግን ያለ ደመወዝ በማዕድን ጕድጓድ ውስጥ ይለፋል። የብላክ ደንበኛ የፍርድ ዘመኑን ከጨረሰ በኋላ 22 ቀን በግፍ ተይዞ እንዲሠራ የተደረገ ሰው ነበር። ብላክ ለዚህ ሰው ተከራክሮ ካሣ አስከፈለለት። ከዚህ በኋላ በሥራ ላይ እጃቸው ወይም እግራቸው የተቈረጠ ሠራተኞችና የማዕድን ቈፋሪዎች ማኅበራት ወደ እርሱ መምጣት ጀመሩ። በችሎት ፊት ንግግሩ ግልጽና ቀላል ስለ ነበረ ለፍርድ የሚሰየሙት ተራ ሰዎች በቶሎ ይረዱት ነበር።

በ1911 ዓ.ም. የከተማው የፖሊስ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኖ ተሾመ፤ በ1914 ዓ.ም. ደግሞ ተወዳድሮ የጄፈርሰን አውራጃ ዐቃቤ ሕግ ለመሆን ተመረጠ። በዚህ ሥልጣኑ ከፈጸማቸው ሥራዎች ሁለቱ ሊነገሩ ይገባል። አንደኛ፥ በጥቃቅን ነገር ተይዘው ለብዙ ጊዜ የታሰሩ ድኾችን አስፈታ። እነዚህ ሰዎች የታሰሩት በአብዛኛው የፖሊስ ሹማምንት ገቢ በያዙት ሰው ቍጥር ልክ ስለ ነበረ ነው። ሁለተኛ፥ ቤሰመር በምትባለው ጎረቤት ከተማ በእስር ቤቱ ውስጥ ሰዎች፥ ይልቁንም ጥቁሮች፥ እስኪያምኑ ድረስ በጠፍር ይገረፉ እንደ ነበር መርምሮ አጋለጠ። ይህ ምርመራ ከብዙ ዓመት በኋላ በጻፈው ፍርድ ውስጥ ፍሬ ማፍራቱን ወደ ፊት እናያለን።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ በ1917 ዓ.ም.፥ ሥራውን ለቆ ወደ ጦር ሠራዊት ገባ፤ በመድፈኛ ክፍል እስከ ሻምበልነት ደረሰ፤ ባሕር ግን ተሻግሮ አልተዋጋም። ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ ጥብቅናው ተመለሰ። በ1921 ዓ.ም. ጆሴፊን ፎስተር የምትባለውን ወጣት አግብቶ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ወለደ።

አሁን ወደ ጨለማው ምዕራፍ እገባለሁ። በዚያው በ1921 ዓ.ም. አንድ የፕሮቴስታንት ቄስ፥ ጄምስ ኮይል የሚባሉትን የካቶሊክ ካህን በበርሚንግሃም ተኵሶ ገደለ። ምክንያቱም ካህኑ የቄሱን ሴት ልጅ ከአንድ የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ ጋር ስላጋቡ ነው። ብላክ የገዳዩ ጠበቃ ሆኖ ቆመ። በችሎቱም የሙሽራው መልክ ጥቁር መስሎ እንዲታይ ብርሃኑ እንዲቀነስ አድርጎ፥ የፈራጆቹን የዘር ጥላቻ እስከ መቀስቀስ ደረሰ። ገዳዩም በነጻ ተለቀቀ። ጠበቃ ለማንኛውም ተከሳሽ መቆም ይገባዋል፤ በዚህ አልነቅፈውም። ነገር ግን ጥላቻን መሣሪያ ማድረግ ከጥብቅና ሥራ ውጭ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ የባሰው በሴፕቴምበር 1923 ዓ.ም. የኩ ክለክስ ክላን ማኅበር አባል መሆኑ ነው። ይህ ማኅበር በነጭ ቀሚስና ጭንብል ተሸፍኖ ጥቁሮችን፥ ካቶሊኮችን፥ አይሁዶችንና ከውጭ አገር የመጡትን የሚያሸብር ነበር። በዚያን ጊዜ በአላባማ ለምርጫ የሚወዳደር ሰው ያለ ማኅበሩ ድጋፍ ማሸነፍ ይቸግረው ነበር፤ ብላክም ወደዚያ የገባው ሥልጣን ፈልጎ መሆኑን ታሪኩን የጻፉት አብዛኞቹ ይስማሙበታል። በ1925 ዓ.ም. የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ፤ ይሁን እንጂ በሚቀጥለው ዓመት ከማኅበሩ የክብር አባልነት ካርድ ተቀብሏል። እንግዲህ ያ በጥቁር እስረኞች ላይ የደረሰውን ግፍ ያጋለጠው ሰው፥ ለሥልጣን ሲል ከገራፊዎቹ ጎራ ተሰለፈ።

በ1926 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ አሸንፎ በ1927 ዓ.ም. ዋሽንግተን በሚገኘው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ወንበሩን ያዘ፤ በ1932 ዓ.ም. እንደገና ተመረጠ። በዋሽንግተን ሳለ ትምህርቱ እንደሚያንሰው ስለ ተሰማው ከምክር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የግሪክንና የሮማን ታሪክ፥ የእንግሊዝን ሕግ፥ የአሜሪካንም ሕገ መንግሥት አመሠራረት እየተዋሰ ያነብ ነበር። ትምህርት በምረቃ ቀን እንደማያልቅ ከዚህ እንማራለን።

ሥራ አጥነት በበዛበት በዚያ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን፥ የሥራው ሳምንት 30 ሰዓት ብቻ እንዲሆንና ሥራው ለብዙዎች እንዲዳረስ ሕግ አርቅቆ አቀረበ። ረቂቁ በኤፕሪል 1933 ዓ.ም. በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ቢያልፍም ሕግ ሆኖ አልጸናም። እርሱ ግን በ1937 ዓ.ም. ሌላ ረቂቅ አቀረበ፤ ከዚህም በ1938 ዓ.ም. ዝቅተኛውን ደመወዝ በሰዓት 25 ሳንቲም አድርጎ የወሰነውና የሕፃናትን ሥራ የከለከለው ታላቁ የሠራተኞች ሕግ ተወለደ። ደግሞም መንግሥት ለአየር ፖስታ ኩባንያዎች ይሰጥ የነበረውን ገንዘብና የመብራት ኃይል ኩባንያዎች እንደራሴዎችን ለማግባባት በስውር የሚያወጡትን ወጪ መርምሮ አጋልጧል። ነገር ግን ጥቁሮችን ያለ ፍርድ በሕዝብ እጅ መግደልን የሚከለክለውን ረቂቅ ሕግ በ1935 ዓ.ም. ከደቡብ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ተቃወመ። ለሠራተኛው የተከፈተው ልቡ በዚህ ጕዳይ ተዘግቶ ነበር።

ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በኦገስት 1937 ዓ.ም. ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኝነት አጩት። ይህ ፍርድ ቤት ዘጠኝ ዳኞች ያሉት ሲሆን፥ ፕሬዚዳንቱ ካጨ፥ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤትም ከተቀበለ፥ ዳኛው እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ሊቀመጥ ይችላል። ብላክም በ63 ድምፅ ድጋፍና በ16 ተቃውሞ አለፈ። ከዚያም አንድ ወር ያህል ቈይቶ የፒትስበርግ ጋዜጠኛ ሬይ ስፕሪግል የክላን አባል እንደ ነበረ ማስረጃ አወጣ። አገር ታወከ፤ ይውረድልን የሚል ጩኸት ከየስፍራው ተሰማ። ብላክ ኦክቶበር 1 ቀን በራዲዮ ቀርቦ ለ11 ደቂቃ ያህል ተናገረ፤ አባል እንደ ነበረና እንደ ተወ አመነ፤ ይቅርታ ግን በግልጽ አልጠየቀም። ከሦስት ቀን በኋላ በዳኝነት ወንበሩ ተቀመጠ። የተጠራጠሩት ሁሉ እንግዲህ ምን ይፈርድ ይሆን እያሉ ይጠባበቁ ጀመር።

መልሱ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1940 ዓ.ም. መጣ። በፍሎሪዳ ግዛት አንድ ሽማግሌ ነጭ ተገድሎ ብዙ ጥቁሮች ያለ ትእዛዝ ተያዙ። ከነዚህም አራት ወጣቶች ጠበቃና ዘመድ ሳያዩ ለቀናት ተመርምረው፥ በመጨረሻም ሌሊቱን በሙሉ እንቅልፍ ተከልክለው፥ ገድለናል ብለው አመኑ፤ የሞት ፍርድም ተፈረደባቸው። ብላክ በዳኞቹ ሙሉ ስምምነት በጻፈው ፍርድ፥ እንዲህ ባለ ማስጨነቅ የተገኘ ቃል ማስረጃ ሊሆን አይችልም ብሎ የሞቱን ፍርድ ሻረ። ፍርድ ቤት ለደካሞችና ለተጠሉት መጠጊያ መሆን እንደሚገባው በዚያ ፍርድ ገለጸ። የቤሰመርን እስር ቤት የመረመረው ወጣት ዐቃቤ ሕግ በዚያ ቀን እንደገና ተነሣ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሰው ግን ከአንድ ስሕተት ሲወጣ በሌላው ሊወድቅ ይችላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት በምዕራቡ የባሕር ዳርቻ ይኖሩ የነበሩትን 120,000 ያህል የጃፓን ተወላጆች ከቤታቸው አስወጥቶ በሰፈር አጎራቸው፤ ከነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። ፍሬድ ኮሬማትሱ የሚባል ወጣት ትእዛዙን አልቀበልም ብሎ ተፈረደበት። ጕዳዩ በ1944 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ብላክ ለስድስቱ ዳኞች ሆኖ መንግሥትን ደግፎ ፍርዱን ጻፈ። እስኪሞትም ድረስ በዚህ አልተጸጸተም። አሜሪካ ግን ተጸጸተች፤ የኮሬማትሱ ፍርድ በ1983 ዓ.ም. ተሠረዘለት፤ በ1988 ዓ.ም. የአገሪቱ ምክር ቤት ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ላሉት ለያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር እንዲከፈል ወሰነ፤ በ2018 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ ያ ፍርድ ስሕተት እንደ ነበረ ተናገረ።

ከብላክ ፍርዶች ሁሉ እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ የክላረንስ ጊድየን ጕዳይ ነው። ጊድየን ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ድኻ ሰው ነበር። በ1961 ዓ.ም. በፍሎሪዳ የቢሊያርድ ቤት ሰብሮ ሰርቋል ተብሎ ተከሰሰ። የጠበቃ ገንዘብ ስላልነበረው ፍርድ ቤቱ ጠበቃ እንዲያቆምለት ለመነ፤ ዳኛው ግን በሞት በሚያስቀጣ ወንጀል ካልሆነ በቀር የግዛቱ ሕግ ይህን አይፈቅድም ብሎ ከለከለው። ጊድየን እንደ ምንም ራሱ ተከራክሮ ተረታና አምስት ዓመት ተፈረደበት። በእስር ቤት ሆኖም በእርሳስ ማመልከቻ ጽፎ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ላከ።

ብላክ በ1942 ዓ.ም. ይህን በሚመስል ጕዳይ ድኻ ተከሳሽ ጠበቃ ሊቆምለት ይገባል ብሎ በልዩነት ጽፎ፥ በድምፅ ብልጫ ተሸንፎ ነበር። ከ21 ዓመት በኋላ፥ ማርች 18 ቀን 1963 ዓ.ም.፥ ያ የተሸነፈ ሐሳቡ በዘጠኙም ዳኞች ስምምነት ሕግ ሆነ፤ ፍርዱንም እርሱ ራሱ ጻፈው። ጊድየን በጠበቃ እየተረዳ እንደገና ሲዳኝ በነጻ ተለቀቀ። በፍሎሪዳ ብቻ ከአንድ ሺህ በላይ እስረኞች በዚህ ፍርድ ምክንያት ወጡ። የኛ አገር ሰው በፍርድ ከሄደች በቅሎው ይልቅ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦው እንደምታሳዝነው ይተርታል። ጊድየንም የጠየቀው ማሩኝ ብሎ አይደለም፤ በደንብ ፍረዱኝ ብሎ ነው።

ሜይ 17 ቀን 1954 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች ተለያይተው እንዲማሩ የሚያዝዘው ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል ብሎ በሙሉ ድምፅ ሲፈርድ ብላክ አንዱ ፈራጅ ነበር። ይህ ለርሱ ቀላል አልነበረም። የገዛ አገሩ ሰዎች ከዳተኛ አሉት፤ የድሮ ወዳጆቹ ሸሹት፤ በበርሚንግሃም ጠበቃ የነበረው ልጁም የሕዝቡ ጥላቻ ስለ ከበደው ወደ ሌላ ግዛት ሄዶ ለመኖር ተገደደ። በ1923 ዓ.ም. የሕዝብን ድምፅ ለማግኘት ወደ ክላን የገባው ሰው፥ በ1954 ዓ.ም. የሕዝቡን ፍቅር አጥቶ ከሕጉ ጋር ቆመ።

ብላክ የሕገ መንግሥቱን ትንሽ ቅጂ ዘወትር በኮቱ ኪስ ይዞ ይዞር ነበር። ዳኛ የተጻፈውን ቃል እንጂ የራሱን ምኞት መከተል የለበትም ይል ነበር። ስለዚህ በ1952 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ትሩማን የብረት ፋብሪካዎችን በራሱ ትእዛዝ በያዘ ጊዜ፥ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የምክር ቤቱ ነው ብሎ ፈረደበት። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ፥ ራሱ በወጣትነቱ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ የነበረ ቢሆንም፥ የመንግሥት ሹማምንት ጸሎት አዘጋጅተው በትምህርት ቤት ማስደገም አይችሉም ብሎ ጻፈ።

እኛን ተማሪዎችን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ፍርድ አለ። በአይዋ ግዛት አንዳንድ ተማሪዎች የቬትናምን ጦርነት ለመቃወም ጥቁር ጨርቅ በክንዳቸው ላይ አስረው ቢመጡ ከትምህርት ተባረሩ። በ1969 ዓ.ም. ሰባት ዳኞች ለተማሪዎቹ ሲፈርዱ፥ ለንግግር ነጻነት ዕድሜውን ሁሉ የተከራከረው ብላክ ግን ትምህርት ቤት የመማሪያ እንጂ የፖለቲካ መታያ ስፍራ አይደለም ብሎ በልዩነት ጻፈ። ከመምህራኖቻችንና ከወላጆቻችን ብዙዎቹ ከርሱ ጋር እንደሚስማሙ እገምታለሁ። እኔ ግን በአክብሮት ከሰባቱ ጋር ነኝ፤ ማንንም ሳይረብሽ ሐሳቡን የገለጠ ተማሪ ትምህርት አላጎደለምና። ከሚያደንቁት ሰው ጋር በአንድ ነገር አለመስማማት አድናቆትን አይቀንስም።

ባለቤቱ በ1951 ዓ.ም. ስለ ሞተችበት በ1957 ዓ.ም. ኤልሳቤጥ ዲሜሪት የምትባል ሴት አገባ። እስከ እርጅናው ድረስ ቴኒስ ይጫወት ነበር። የመጨረሻው ታላቅ ሥራው በጁን 1971 ዓ.ም. ጋዜጦች ስለ ቬትናም ጦርነት የተሰወረውን የመንግሥት ጽሑፍ እንዳያትሙ መከልከል አይገባም ብሎ የሰጠው አስተያየት ነው። ሴፕቴምበር 17 ቀን በሕመም ምክንያት ሥራውን ተወ፤ ከስምንት ቀን በኋላ፥ ሴፕቴምበር 25 ቀን 1971 ዓ.ም.፥ በ85 ዓመቱ አረፈ። አስከሬኑም በአርሊንግተን ብሔራዊ መቃብር ተቀበረ። ዛሬ በበርሚንግሃም ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ሕንፃ በስሙ ይጠራል፤ የጠላችው ከተማ ኋላ አከበረችው።

እንግዲህ አንባቢ ምን ይፈርዳል? አንዳንድ ጓደኞቼ የክላን አባል የነበረ ሰው ምንም ቢሠራ ሊመሰገን አይገባም ይላሉ። የነሱ አባባል የተበደሉትን ስለሚያስብ በከንቱ አልጥለውም። እኔ እንደሚመስለኝ ግን መልካም ሥራው ነውሩን አያጥበውም፤ ነውሩም መልካም ሥራውን አያጠፋውም። ሁለቱም በየስማቸው ሊጻፉ ይገባል። በጠበቃ ተረድቶ ነጻ የወጣው ጊድየንና ከቤቱ የተነቀለው ኮሬማትሱ ሁለቱም የዚህ አንድ ሰው ብዕር ምስክሮች ናቸው።

እኛ ከዚህ ትምህርት ቤት ስንወጣ አንዳንዶቻችን ጠበቃ፥ አንዳንዶቻችን የሕዝብ እንደራሴ፥ ምናልባትም ዳኛ እንሆናለን። ሥልጣን ለማግኘት ሕሊናን መሸጥ በየዘመኑ የሚቀርብ ገበያ ነው። ብላክ አንድ ጊዜ ሸጦ ለመመለስ ብዙ ዘመን ፈጀበት፤ በአንዳንድ ነገርም ፈጽሞ አልተመለሰም። ስለዚህ ከርሱ የንባብ ትጋቱን፥ ለድኻ መቆርቆሩንና ተሸንፎ 21 ዓመት መታገሡን እንውሰድ፤ አቋራጭ መንገዱን ግን ለርሱ እንተውለት።